የመርሳን ሬዲዮ ሁሉ ያስነጠስኩበት ክረምት

አንዳንድ ሰው ሲፈጠር መቀመጫ አብሮ ይሰጠዋል። የእኔ ተራ ሲደርስ መቀመጫው አልቆ ነበር መሰለኝ፣ ፈጣሪ እግር ብቻ ሰጥቶ ላከኝ። ክፍል ውስጥ ዴስኩ ይንቀጠቀጥብኛል፣ ቅዳሴ ላይ መቋሚያ የያዘው ሰውዬ እየዞረ ያየኛል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አንዳንዴ መርገጫውን ሳይነካው የስፌት መኪናው ይርገበገብበትና ዞር ሲል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በጉልበቴ ጠረጴዛውን እያርገፈገፍኩት ነው።

«ይህን እግርህን ከመኪናው ጋር ባስረው ኖሮ ለወሎ ሕዝብ ሁሉ ሱሪ አዳርስ ነበር» ይለኛል።

የማወጋችሁ በደርግ ጊዜ፣ አሥራ አንደኛ ክፍልን ወልድያ ቤት ተከራይቼ ጨርሼ ለክረምቱ ወደ መርሳ የተመለስኩበትን ዓመት ነው። ቤታችን በዚያ ክረምት ለእንደኔ ያለ ሰው የሚመች አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ አራጋው ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ደብዳቤው ከጥር ወዲህ ቆሟል። ስሙን የሚያነሳ የለም። እናቴ ብቻ ራት ስታቀርብ አራት ሳህን ታወጣና፣ ቆም ብላ፣ አንዱን መልሳ ታስገባለች። አባቴ ደግሞ ሲመሽ ሬዲዮውን ይዞ ጓዳ ይገባና በሩን ይዘጋል። እኔ ግቢ ውስጥ ከፓፓያው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ፓፓያው ስመላለስ አመሻለሁ።

እንግዲህ ሰይጣን ሥራ ፈት ሰው ይወዳል ይባላል፤ ለእኔ የላከው ግን ሰይጣንን ሳይሆን ፊዚክስን ነው። መምህራችን በመጨረሻው ቀን፣ ደወል ሊደወል ሲል፣ «ሬዲዮ ሲጀመር መናገር አይችልም ነበር። ብልጭታ ብቻ ነበር። መርከበኞች ባሕር ላይ በብልጭታ ይጠራሩ ነበር» አሉን፤ ጠመኔያቸውን አራግፈው ወጡ። እሳቸው ረስተውት ይሆናል። እኔ ግን ያችን ነገር ከወልድያ እስከ ሲሪንቃ፣ ከሲሪንቃ እስከ መርሳ በአውቶቡስ እያመነዠክኋት መጣሁ። ስወርድ ሻንጣዬን ረስቼ ነው የወረድኩት።

ጓደኛዬ ኑሩ ይባላል። የኑሩ አጎት ማንጎ ዛፍ ሥር የቆመች አሮጌ ላንድሮቨር አለቻቸው። ከተበላሸች ሦስት ክረምት አልፏታል፤ የሾፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ያንን ብልጭታ ለመሥራት ከእሷ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነበር። አንደኛው ኮይሉ ነው፤ ለማታውቁት፣ የባትሪን ለስላሳ ኤሌክትሪክ ወስዶ ካንዴላው ላይ እሳት የሚያስተፋ ጣሳ መሳይ ዕቃ ነው። ሌላው ባትሪው ነው። ሦስተኛው ጡሩምባው፤ ሆዱ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ምላስ ስላለው።

«ውሰዱ አልተባልንም» አለ ኑሩ፣ መፍቻውን ይዞ።

«አትውሰዱም አልተባልንም» አልኩት።

ዶሮዋ ብቻ ተቃወመች።

ባትሪው ሞቶ ስለነበር በእንጨት አንጠልጥለን የከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ ጋሽ ይማም ዘንድ ወሰድነው። ጋሽ ይማም መነጽራቸውን በፈትል አስረው የሚሠሩ፣ ብየዳ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።

«ምን ልታደርጉበት ነው?» አሉን።

«ለመብራት ነው ጋሼ፤ ለጥናት» አልኩ።

«ትምህርት ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«ለሚመጣው ዓመት እንድንደርስበት ብለን ነው።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩን። ከዚያ በላይ ያልጠየቁን ስላመኑን አልነበረም፤ እሳቸውም በልጅነታቸው የሰው ሰዓት ፈትተው ያልገጠሙ ሰው ስለነበሩ ነው።

ኮይሉን ከባትሪው፣ ባትሪውን ከጡሩምባው ምላስ አያያዝን። በጣውላ ላይ ሁለት ሚስማር ፊት ለፊት መታን፤ በመካከላቸው ጤፍ የምታሳልፍ ክፍተት ተውን። አንዱን ሚስማር ከእናቴ የልብስ ማስጫ ሽቦ ጋር፣ ሌላውን መሬት ውስጥ ከተከልነው አካፋ ጋር አሰርን። ኑሩ «ቢስሚላህ» አለ፤ እኔ በስመ አብ አልኩ፤ ሽቦውን አነካካን። በሚስማሮቹ መካከል ሰማያዊ እሳት ጥርርርር አለ።

ከደስታዬ ብዛት «አየህ! አየህ!» እያልኩ በጣቴ አመለከትኩ። ትንሽ አስጠግቼ ነው ያመለከትኩት። ስነቃ ፓፓያው ሥር ነኝ፤ ክንዴ የማን እንደሆነ ረስቶ ብቻውን ይወራጫል።

«ምን ይሰማሃል?» አለኝ ኑሩ።

«ይሠራል» አልኩት።

በዚያው ቅጽበት ከአጥር ማዶ የእትዬ ዘሀራ ድምፅ መጣ። ሬዲዮዋ አምባሰል እያንቆረቆረ ነበር። «ኧረ ምን ሆነ ይሄ ደግሞ! ሲዘፍን ቆይቶ ያስነጥስ ጀመር!» ኑሩ ሽቦውን ሲያላቅቅ ዘፈኑ ተመለሰ፤ ሲያነካካ ደግሞ አስነጠሰ። ተያየን። ሁለታችንም እንደ አበደ ሰው ጨፈርን። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ የመርሳ ልጅ ከመርሳ ተነስቶ ወልድያ ለመሄድ እንኳ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል። የእኛ ጥርርር ግን ማንንም ሳይጠይቅ አጥር ዘሎ ሄደ።

በማግስቱ ኑሩ የአጎቱን ሬዲዮ ተሸክሞ በእግሩ ወደ ግራና ወረደ። ሊሰማው ይችል እንደሆን ልንፈትን ነው። በሚስጥር ፊደል ልንነጋገር አስበን ነበር፤ ግን የፊደላችንን ብዛት ያን ቀን ነው የረገምኩት። ፈረንጅ በሃያ ስድስት ይገላገላል። እኛ ገና «ሐ»ን ሳንጨርስ ባትሪው ያልቃል። ስለዚህ ሦስት ምልክት ብቻ አደረግን። አንድ ጊዜ ከሆነ «አለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ትሰማለህ ወይ?»፣ ረጅም ከሆነ «ና» ነው። ሰዓቱን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል አልነው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ በዚያ ሰዓት አባቴ ጓዳ ገብቶ ይዘጋል፣ እናቴም ሠርክ ጸሎት ትሄዳለች፣ ግቢው የእኔ ይሆናል።

ኑሩ በማግስቱ ጠዋት ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ከደጅ ጀምሮ ይጮሃል። «ሽምብራ! እንደ ሽምብራ ቆሎ ነው የሚንጣጣው! ግራና ደረሰ!»

«ረጅሙን ሰማኸው? ና ብዬህ ነበር።»

«ሰምቼ ነው እኮ የመጣሁት!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመናል? በየምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ኑሩ አንድ ቀን ወንዝ ማዶ፣ አንድ ቀን ጉብታው ላይ፣ አንድ ቀን ሲሪንቃ መንገድ ዳር ሆኖ ይሰማል፤ እኔ እለቅቃለሁ። ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን። አንድ ምሽት እናቴ ከሠርክ ቶሎ ተመልሳ እርጥብ ነጠላዋን ሽቦው ላይ ልታሰጣ እጇን ስትሰድ ነዘራት። «ስለ ማርያም!» ብላ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ዘለለች። ፓፓያው ላይ ክፉ ነገር አድሯል ብላ ጠበል ረጨችበት። እኔ አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ያላየነው ነገር ከተማው እየታመመ መሆኑን ነው።

መጀመሪያ ያወቅሁት የጋሽ ይማም ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ሳይ ነው። የመርሳ ሰው ሁሉ ሬዲዮውን በሻሽ ጠቅልሎ ታቅፎ ቆሟል፤ ጤና ጣቢያ ልጅ ያመጣ ነው የሚመስለው።

«ምን ሆኖብህ ነው?» ይላሉ ጋሽ ይማም።

«ያስነጥሳል።»

ይከፍቱታል፤ ሬዲዮው ጥርት አድርጎ ይናገራል። «ይኸው ደህና ነው!»

«አሁንማ ደህና ነው። በዚያ… በዚያ ሰዓት ነው የሚያመው።»

«በየትኛው ሰዓት?»

ሰውየው ግራና ቀኝ አይቶ ሬዲዮውን መልሶ ይጠቀልላል። «ተወው ጋሽ ይማም፤ ይሻለው ይሆናል።»

እኔ ከኋላ ቆሜ ይህን ሁሉ እሰማለሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ያ ሰዓት ከበረሃ የሚተላለፈው የተከለከለው ሬዲዮ የሚጀምርበት ሰዓት መሆኑን ከመርሳ ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ያን ጣቢያ ሲያዳምጥ የተገኘ ሰው የት እንደሚገባ ግን ሕፃኑም ያውቃል።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ምሽት በዚያው ሰዓት ሲነበብ የነበረውን የመንግሥት መግለጫ ጥርርራችን ስለቆራረጠው ነው። በነጋታው ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጓድ ባዬ ቀድሞ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ ሲናገሩም ቃሉን እንደ ሊጥ አሽተው አሽተው ነው የሚያወጡት።

«ጓዶች! ጠላት… በአየር… ገብቶብናል!»

ተሰብሳቢው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«በሬዲዮ ላይ ጥርርር የሚል ድምፅ የሰማ እጁን ያውጣ!»

እጅ ሁሉ ወጣ። ያልሰማ ሰው የለም።

«መልካም! በስንት ሰዓት ነው የሰማችሁት?»

እጅ ሁሉ ወረደ።

ጓድ ባዬ የፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ወደ ሸህ አሊ ዞሩ። «ሸህ አሊ፣ አንቱ ይንገሩን።»

«እኔ እንኳ ሰዓት የለኝም፤ ከመግሪብ በኋላ ይመስለኛል።»

«ከመግሪብ በኋላ ምን እየሰሙ ነበር?»

«ቁርአን።»

«ቁርአን የሚያስተላልፈው የትኛው ጣቢያ ነው?»

«በልቤ ነው የምቀራው ጓድ። ድምፁ ግን እዚያም ይገባል።»

ሳቅ አልነበረም፤ የታፈነ ሳል ግን ከየማዕዘኑ ተሰማ። ጓድ ባዬ ፊታቸው ቀላ። «በላይ!» ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። «ያንተስ ሬዲዮ?»

«ተበላሽቷል ጓድ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አባቴ አሰበ። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ።

እኔ የተቀመጥኩበት አግዳሚ እስከ ጫፉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ። ሽቦ የበዛበት ቤት ደግሞ በመርሳ አንድ ነው። ጋሽ ይማምን ከሱቃቸው አወጧቸው፤ ጥቅል ሽቦ፣ የተፈታ ሬዲዮ፣ በዚያ ላይ አንድ ትልቅ የመኪና ባትሪ ተገኘባቸው። ባትሪው የእኛ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት እንዲሞላ ሰጥተናቸዋል።

«ይህ ባትሪ የማን ነው?» ተባሉ።

እኔና ኑሩ መንገዱ ማዶ ቆመናል። ጋሽ ይማም አዩን። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠራርገው መልሰው አጠለቁ።

«የእኔ ነው» አሉ።

ወስደው የቀበሌው እህል ማከማቻ ውስጥ ዘጉባቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ወልድያ እንደሚላኩ ተወራ። ወልድያ የተላከ ሰው ደግሞ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ሚስቱ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትሄድና ስንቁን ይዛ ትመለሳለች።

ያን ቀን እግሬ ቆመ። እውነቴን ነው፤ ቀጥ አለ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «ምን ነካህ? ዝም ብለህ ተቀመጥክ እኮ!» አለች በድንጋጤ።

ኑሩ ግን አንድ ሐሳብ አመጣ። «ጋሽ ይማም ታስረው እያለ ጥርርሩ ከተሰማ እሳቸው እንዳልሆኑ ይታወቃል!» ሐሳቡ እንዴት እንደጣመኝ! ከአንድ ሾፌር ባትሪ ለመንን፤ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ኑሩን ቀበሌው መስኮት ሥር አስቀምጬ በሕይወቴ ረጅሙን ጥርርር ለቀቅኩ። ኑሩ እየሮጠ ተመለሰ።

«ሰሙ?»

«ሰሙ!»

«ምን አሉ?»

«‹ግብረ አበሮቹ ናቸው፤ በምልክት እየጠሩት ነው› አሉና ሁለት ጠባቂ ጨመሩባቸው።»

ከዚያ በኋላ የቀረን መንገድ አንድ ብቻ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ኮይሉን፣ ጡሩምባውን፣ ጣውላውን፣ ደብተሩን በጆንያ ጠቅልለን ባትሪውን በእንጨት አንጠልጥለን ቀበሌ ሄድን። ጋሽ ይማምን ሊመረምሯቸው ቢሮ አምጥተዋቸው ኖሮ ገና ስንገባ አዩን። ዓይናቸውን አፈጠጡብን።

«ምን ልትሠሩ መጣችሁ? ዳቦ ፈልጋችሁ ከሆነ ጓድ ባዬ መጋገር ትተዋል! ሂዱ ከዚህ!»

«ጋሼ» አልኩና ወደ ጓድ ባዬ ዞርኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ ነን። ጥርርሩ የእኛ ነው። ባትሪውም የእኛ ነው።»

ጓድ ባዬ ጆንያውን በእግራቸው ገለጥ አደረጉ። ሚስማር አዩ፣ ጣውላ አዩ፣ የዶሮ ኩስ ያለበት ጡሩምባ አዩ።

«ይሄ?» አሉ። «ይሄ ነው ጠላት?»

አያያዝነውና አነካካሁት። ሰማያዊው እሳት ተንጣጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሬዲዮ አስነጠሰ። አንዱ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አቀባብሎ ኮይሉ ላይ ደገነ። «እጅ ወደ ላይ!»

«እጅ የለውም ጓድ» አለ ኑሩ።

ጓድ ባዬ «እስቲ» ብለው በእስክሪብቷቸው ነካ አደረጉት። እስክሪብቶው የብረት ነበር። ባርኔጣቸው ቀድሞ ወደቀ፤ እሳቸው ተከተሉ። ከወለሉ ላይ አነሳናቸው። ከዚያ ደብተሩን አነሱና ማንበብ ጀመሩ። ስናያቸው ፊታቸው ቀስ በቀስ እየተለወጠ ሄደ።

«አሥራ ሁለት ተኩል… አሥራ ሁለት ተኩል… በየቀኑ አሥራ ሁለት ተኩል! ይህ እኮ የወንበዴው ሬዲዮ የሚጀምርበት ሰዓት ነው!»

እሳቸው ሰዓቱን በምን እንዳወቁት ማንም አልጠየቀም።

«ታዲያ እናንተ» አሉ ድምፃቸው እየሰፋ፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠላትን ፕሮፓጋንዳ ስታፍኑ ነበር ማለት ነዋ!»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ኑሩ ቀደመኝ። «አዎን ጓድ!»

ጋሽ ይማም በዚያው ሰዓት ተፈቱ። እኛ ግን ተሸለምን። ሽልማቱ ይህ ነበር፦ ከዛሬ ጀምሮ መሣሪያው ቀበሌ ቢሮ ይቀመጣል፤ ሽቦው ከባንዲራው እንጨት ጫፍ ይታሰራል፤ እኔም በየቀኑ ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ጥርርር አደርጋለሁ። ኑሩ የግራና መንገድ ናፈቀኝ ብሎ አክስቱ ዘንድ ሄደ። ብልህ ልጅ ነበር።

እንደ እኔ የተጠላ ሰው በመርሳ አልተፈጠረም። በግልጽ የሚቆጣኝም የለም፤ ምን ብሎ ይቆጣል? እትዬ ዘሀራ ሰላምታዬን በአጥር ላይ ትመልሰው የነበረች፣ አሁን ስታየኝ ለዶሮዎቿ ታወራለች። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሴን ላጭቶ «መቀሱ ጥርርር አለብኝ» ብሎ አስነሳኝ። ለሦስት ቀን በግማሽ ፀጉር ዞርኩ።

የከበደኝ ግን የአባቴ ዝምታ ነው። በአራተኛው ቀን ሱቁ ጠራኝና በሩን ገርበብ አደረገ። የስፌት መኪናውን እየዘየተ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ያ ሬዲዮ ስም ያነባል» አለ። «የተማረኩ ወታደሮችን ስም፤ እየደጋገመ። ማዕረጉን፣ የትውልድ አገሩን ሁሉ። መማረክ ማለት መኖር ማለት ነው፤ ገባህ?»

ገርበብ ያለውን በር ጨርሼ ዘጋሁት።

«የእኔ ቢጤ አባት ሁሉ በዚያ ሰዓት ጓዳ የሚገባው ዜና ሊሰማ አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ…» ዘይቱን አስቀመጠው። «ባለፈው ማክሰኞ ‹ወታደር አራ› አለ። ‹አራ› ብሎ ጥርርር አለ። አራጋው ይሁን፣ አራርሶ ይሁን፣ አራዳ ሰፈር ይሁን አላውቅም። ለእናትህ አልነገርኳትም።»

«አባባ…»

«አላወቅህም። አሁን ግን አውቀሃል» አለና መኪናውን መርገጥ ጀመረ።

ያን ምሽት ቀበሌ እስክደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። ወደ ባንዲራው እንጨት የሚወጣው ሽቦ ከሚስማሩ ከተለያየ ብልጭታው ሩቅ አይሄድም። ቢሮው ውስጥ ያለውን የጓድ ባዬን ሬዲዮ ግን ከቅርብ ስለሆነ እንደወትሮው ያስነጥሰዋል። ከብስክሌት ጎማ ቁራጭ ቆርጬ ሽቦው በሚታሰርበት ቦታ መካከል አስገብቼ ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩት። ለሚያየው የታሰረ ነው። ለኤሌክትሪኩ ግን ግድግዳ ነው። አነካካሁት፤ እሳቱ ተንጣጣ፤ የጓድ ባዬ ሬዲዮ አስነጠሰ፤ እሳቸውም ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘሀራ ከዶሮዎቿ ቀና ብላ «እንዴት አደርክ?» አለችኝ። መሥራቱን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ዓርብ ዕለት ሥራዬን ልጀምር ስል ጓድ ባዬ ጠባቂዎቹን አንዱን ለሲጋራ፣ አንዱን ለክብሪት ላኳቸው። መስኮቱን ዘጉ።

«ዛሬ አትለኩሰው» አሉኝ።

«ጓድ?»

«ጠላት የሚለውን ሳናውቅ እንዴት እናፍነዋለን?» አሉ፤ ግን እንደ ስብሰባው ቃሉን አላሹትም፤ ቶሎ ብለው ነው ያወጡት። ሬዲዮውን ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ባርኔጣቸውን ከላይ ደፉበት፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ትንሽ ቆይተው፣ እኔን ሳያዩ፣ «የእኔም ልጅ እዚያው ነው» አሉ። «ከመጋቢት ወዲህ ወሬው የለም።»

እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከባርኔጣው ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ስም ያነባል። አሥር አለቃ እገሌ ከጎጃም። ወታደር እገሌ ከሐረርጌ። ወታደር እገሌ ከሸዋ። የእኔና የሊቀመንበሩ ግንባር ሊገጣጠም ነው። ከዚያ ድምፁ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ «ወታደር አራጋው በላይ፤ ወሎ፣ የጁ አውራጃ፣ መርሳ» አለ።

መጮህ አምሮኝ እጄን ነከስኩ። ጓድ ባዬ ክንዴን ጨብጠው ይዘውኛል፤ ዓይናቸው ግን መሳቢያው ላይ ነው። ስሞቹ ቀጠሉ። ከጎንደር፣ ከአርሲ፣ ከወለጋ። ከዚያ አለቁና ሙዚቃ ገባ። የሳቸው ልጅ አልተጠራም።

ሬዲዮውን አጠፉት። ባርኔጣቸውን አንስተው አቧራውን ለረጅም ጊዜ አራገፉ።

«ምንም አልሰማህም» አሉ።

«አልሰማሁም ጓድ።»

«እኔም አልሰማሁም። ሂድ። ሩጥ።»

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እናቴ እልልታዋን ነጠላዋ ውስጥ አፍናው ትከሻዋ ይርገፈገፋል።

«የት ነበርክ?» አለኝ አባቴ።

«ሥራ።»

«የሰማኸው ነገር አለ?»

«የለም። አንተስ?»

«እኔም የለም» አለና ፊቱን አዙሮ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ።

ጠዋት ገና ሳንነሳ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘሀራ ነበረች፤ አንድ ጆግ ወተት ይዛለች። «ሌሊት በሕልሜ አራጋውን አየሁት፤ ደህና ነው» አለች። ወዲያው ሸህ አሊ ምርኩዛቸውን እየመቱ ደረሱ። «ወላሂ እኔም በሕልሜ አይቼዋለሁ፤ አልሐምዱሊላህ።» ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ እሱም አልሟል፤ ስለ ቀሪው ግማሽ ፀጉሬም ይቅርታ ጠየቀኝ። ጋሽ ይማም መነጽራቸውን እየጠረጉ ገቡና «የእኔ ሕልም ደግሞ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድም ጥርርር አልነበረበትም» ብለው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ቤታችን ጢም አለ። በአንድ ሌሊት ሙሉ ከተማ አንድ ሕልም ያየበት አገር ከመርሳ በቀር ሰምቼ አላውቅም።

በዚህ መካከል ጓድ ባዬ በር ላይ ቆሙ። እትዬ ዘሀራ የወተት ጆጓን እንደ ማስረጃ ከኋላዋ ደበቀች።

ጓድ ባዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባቴን አዩት፣ መሬቱን አዩት።

«በላይ» አሉ። «እኔም… ሌሊት ሕልም ቢጤ አይቼ ነው። እንኳን ደስ አለህ ልል።»

አባቴ ተነስቶ ወንበሩን ሰጣቸው። እስኪቀመጡ ጠበቀ።

«ጓድ፣ የአንቱ ልጅ ስሙ ማን ነበር?»

«ታደለ» አሉ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ታደለ ባዬ።»

አባቴ ወደ ሰዉ ዞረ። አንድ በአንድ አያቸው፤ እትዬ ዘሀራን፣ ሸህ አሊን፣ ጋሽ ይማምን፣ በመጨረሻም እኔን።

«ሰማችሁ?» አለ። «ታደለ ባዬ ነው። ዛሬ ማታ ሁላችሁም ደህና አድርጋችሁ ተኙ።»